የአባባ አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ዱቄት

መስከረም 14

ለወንድሜ፣ ለሽማግሌው፤

ፈጣሪ ጤናህን ያጽናልህ፣ ደጅህን ከክፉ ይጠብቅልህ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኔ ከናፍቆትህና ከአቧራው በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ብደውል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልክ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አታቋርጥም።

የምጽፍልህ ስለ ጓዳው ነው። አከራያችን ከወርክሾፑ ጀርባ ያለችውን ጓዳ እስከ ጥር መጨረሻ ባዶ አድርጌ እንዳስረክባት ጠይቃኛለች። ልጇ አግብታ እዚያ ልትገባ ነው። እምቢ እንዳልላት አባባን ከእኔ እኩል ያስታመመች ሴት ናት። ግን ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም ነበር። ቁልፉ ከአባባ ኪስ ወጥቶ አያውቅም፤ እሱ ካረፈ በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ ለመክፈት ልቤ እምቢ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ጨክኜ ከፈትኩት። አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ዱቄት!

እኛ ቤት ዱቄት ሲባል የሚጋገር እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ። አከራያችን ግን አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ስላት ዓይኗ በራ። መስታወቱ ሲቀልጥ ምድጃው ላይ እንዳይጣበቅ የምንቀባው ነጭ ቅብ ተፍቆ የወረደው፣ ከሥሩ የምናነጥፈው የእሳት ወረቀት ተቃጥሎ የበነነው፣ የተፈጨ መስታወትም የተቀላቀለበት መሆኑን ሳስረዳት ፊቷ እንደገና ጠቆረ።

ቆሻሻ ሰብሳቢውን ጠራሁት። አንዱን ጆንያ ብድግ ሲያደርገው ሥሩ ተቀደደና ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ሆነ። ቆራጯ፣ መስታወት የምትቆርጥልኝ ሴትዮ (አፏም እንደ እጇ ይቆርጣል)፣ «ለሙሽርነት የቀረህ ቬሎ ብቻ ነው» አለችው። እሱ ግን አልሳቀም። «ይሄን እኔም አልወስድ፣ ሌላም አይወስድልሽ» ብሎ ሄደ። የፈሰሰውን እኔው ጠርጌ አነሳሁት። ሁለት ቀን አሳለኝ፤ አትደንግጥ፣ የጠዋት ሳል ነው፣ ከድሮም አለኝ።

አባባ ለምን እንዳጠራቀመው እንጃ። የተጣመመ ሚስማር የማይጥል ሰው ነበር፤ ይሄንንም «አንድ ቀን ይጠቅማል» ብሎ ይሆናል። የጆንያዎቹን አንገት በሽቦ አስሮ፣ በየሽቦው ላይ የሣንቲም ያህል ነገር አንጠልጥሏል፤ ዱቄት ለብሶ ምንነቱ አይታይም። አንተ ከእሱ ጋር አሥር ዓመት ሠርተሃል። እኔ ያን ጊዜ የፊት ሱቁን እንጂ ምድጃውን የት አውቄው። ምን ላድርገው? የት ይጣላል?

መልስህ እንዳይዘገይ።

እህትህ


ጥቅምት 18

ለእታለም፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ይሄን ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ ለቆራጯም አንብቢላት። አትጥረጊ። ዱቄቱን በደረቁ በመጥረጊያ አትንኪው። መጥረጊያ ወፍራሙን ሰብስቦ ደቃቁን ወደ አየር ይልከዋል፤ ሰው የሚገድለው ደግሞ ደቃቁ ነው። ዓይን አያየውም፣ አፍንጫ አይይዘውም፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። መስታወትና ድንጋይ ነው እታለም፣ ሰውነት አይፈጨውም።

የሚረጭ ጠርሙስ ግዢ። ከመነካቱ በፊት ወለሉንም ጠረጴዛውንም ጭጋግ በሚመስል ውሃ እያረጠብሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቢው። በአየር መንፊያ እንዳትነፉት። የሥራ ልብሳችሁን ከቤት ልብስ ጋር አትጠቡ። ጆንያዎቹን አትክፈቺ፤ የተቀደደውን ግን በውሃ አውጪው። ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ማስክ ልኬልሻለሁ፤ ሳታደርጉት ጓዳው ውስጥ እንዳትገቡ።

አባባ ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ። «የወንድ አፍ ለእህልና ለእውነት ነው እንጂ ለጨርቅ አልተፈጠረም።» አንቺ ወንድ አይደለሽምና አይመለከትሽም።

የጠዋት ሳል ያልሽውን አልወደድኩትም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ደረጃ ስትወጪ መሐል ላይ ትቆሚያለሽ? ይሄን ሳትመልሺልኝ ሌላ ነገር አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

ለሽማግሌው ወንድሜ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ትዕግሥት ግን ለእኔ ይስጠኝ።

«አትጥረጊ» ትለኛለህ። እማማ ከሞተች ጀምሮ ይሄን ቤት አቁሞ የያዘው የእኔ መጥረጊያ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ እጠርጋለሁ። ደንበኛ ገብቶ «ወርክሾፕ ነው ወይስ ሆስፒታል?» ሲል እንደዚያ ቀን የምደሰትበት የለም። አንተ ባሕር ማዶ ቁጭ ብለህ በአንድ ወረቀት መጥረጊያዬን ቀማኸኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኩህ፤ አልሰማህም እንጂ። በአራተኛው ቀን ሰቀልኩት። አሁን እንደ ጡረተኛ ግድግዳ ላይ ሆኖ ያየኛል።

ትእዛዝህን ፈጽሜም ጉድ ሆኛለሁ። «በውሃ አውጪው» ብለህ የለ? አወጣሁታ! የተቀደደውን ጆንያ በባልዲ እየበጠበጥኩ በግቢው የውሃ መውረጃ ለቀቅኩት። ወተት መስሎ ሲወርድ ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ። በሦስተኛው ቀን የአከራያችን መታጠቢያ ቤት ውሃ ወደ ላይ መጣ። ቧንቧ ሠራተኛው አንድ ክንድ የሚሆን ቧንቧ ቆርጦ አወጣ፤ ውስጡ ደድሮ ነጭ ድንጋይ ሆኗል። «እዚህ ውስጥ ሐውልት እያሠራሽ ነበር እንዴ?» አለኝ። አከራያችን ቁራጩን አንስታ ደጃፌ ላይ አስቀመጠችው። ከስድብ ይልቅ ይሄ ከፋኝ።

ማስኮቹ ደርሰዋል። ቆራጯ ስታደርገው የምትናገረው አይሰማም፤ ለዚህ ብቻ ፈጣሪ ይባርክህ።

ሳሉ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ደረጃ ላይ አልቆምም፣ ቤታችን ደረጃ የለውም። ረሳኸው?

ደክሞኛል ወንድሜ። ጠዋት ጓዳውን እከፍታለሁ፣ አሥራ ስምንቱን አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ምድጃውን ማሞቅ፣ ደንበኛ ማስተናገድ፣ ውሃ መርጨት፣ የአከራያችንን ዓይን መሸሽ፤ ሁሉም በእኔ ጫንቃ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ና። በዓይንህ አይተህ በእጅህ አውጣው። አባባን ስንቀብር አልመጣህም። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራ ይዞት ነው» እያልኩ ሸፈንኩህ። አሁን የሚጠይቀኝ የለም፤ የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ትመጣለህ?

እህትህ


ታኅሣሥ 24

ለእታለም፤

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያድስልሽ። በጣም ዘገየሁ፤ አውቃለሁ።

«በውሃ አውጪው» ያልኩት የእኔ ጥፋት ነው። ከወርክሾፑ ለማውጣት ውሃ ተጠቀሚ ማለቴ ነበር እንጂ አፍስሺው ማለቴ አልነበረም። ዱቄቱ በምንም መንገድ ወደ ቧንቧ አይሄድም። የባልዲ ውሃ እንኳ ቢሆን ሳይነካ ይደር፤ ሲጠል ከላይ ያለውን ውሃ ቀስ ብለሽ ቀድተሽ፣ ከሥር የቀረውን ዝቃጭ ከነእርጥበቱ አስረሽ ነው የምትጥይው።

ጆንያዎቹን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ላያቸውን በውሃ ርጪ፣ አንገታቸውንም ሽቦውንም። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሳትጎትቺ፣ ከነጆንያው ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አስገቢ፤ አየሩን ጨፍልቀሽ አታስወጪ፣ ዱቄቱ አብሮ ይወጣል። አፉን ጠምዝዘሽ በማሸጊያ ፕላስተር እሰሪ። በሁለተኛ ፕላስቲክ ድገሚው። ውጭው ላይ ምን እንደሆነ በትልቁ ጻፊ፤ የሚያነሳው ሰው ሳያውቅ እንዳያነሳ። ወደ ከተማው ጽዳት መሥሪያ ቤት ሂጂና ልዩ ቆሻሻ የሚወስደው መኪና መቼ እንደሚመጣ ጠይቂ፤ የሌለበት ከተማ የለም። ለተራ ቆሻሻ ሰብሳቢ አትስጪ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ደረትሽን ራጅ ተነሺ። ለሐኪሙ «ሳል ነው» ብቻ አትበይው፤ «የመስታወት ዱቄት ውስጥ ነው የምሠራው» በይው። አባባ ይሄን ለሐኪም አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

ስለ መምጣቴ፣ ሥራው ረገብ ይበልና እናየዋለን።

ወንድምሽ


ጥር 9

ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። የዛሬው ምርቃት አጭር ነው፤ ተናድጃለሁ።

ለዱቄቱ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ለእኔ አንድ መስመር። «ረገብ ይበልና እናየዋለን።» ይሄ ለአበዳሪ የሚባል ነው፣ ለእህት አይባልም። ስምንት ዓመት የማይረግብ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ያልከውን ግን አድርጌያለሁ። ጽዳት መሥሪያ ቤቱ መኪናው ጥር 28 እንደሚመጣ ነግረውኛል፤ በወር አንዴ ነው የሚዞረው፣ ካመለጠኝ ከአከራያችን ጋር ያለቀልኝ ነው። ፎርም አስሞሉኝ። «ዕቃው እስከ ዛሬ በምን ምክንያት ተቀመጠ?» ይላል። «አባቴ ቆጣቢ ስለነበረ» ብዬ ጻፍኩ። ተቀባዩ አንብቦ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ራጁንም ተነሳሁ። ሐኪሟ ፊልሙን መስኮት ላይ ሰቅላ አየችው። አንተ እንዳልከኝ ስለ ዱቄቱ ነገርኳት፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሳንባዬ ላይ ትንሽ ምልክት አለ፤ ክፉ ደረጃ ላይ አልደረሰም፣ ዱቄቱን ካቆምሽ እዚያው ሊቆም ይችላል አለችኝ፤ በየስድስት ወሩ እየመጣሽ እንየው አለች። ስለ አባባ ጠየቀችኝ። «አሥራ አንድ ወር አስሎ ሞተ፤ አስም ነው ተብለን ነበር» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ከእሱ ጋር ሌላ የሠራ ሰው አለ?» አለችኝ። «ወንድም አለኝ፣ ግን እሱ ደህና ነው» አልኩ።

ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። «ደህና ነው» ያልኩት ከማን ሰምቼ ነው? ካንተ። ደረጃ ላይ ትቆሚያለሽ ወይ ብለህ የጠየቅከኝ ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ራሱ የቆመ ነው።

አሁን ስለ ዱቄት አትጻፍልኝ፣ በቃኝ፣ አውቄዋለሁ። ደህና ነህ?

እህትህ


ጥር 17

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እየመለስኩልሽ ነው።

ደህና አይደለሁም።

ካወቅኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፣ ሦስት ጊዜ አርፌ ነው የምወጣው። ማታ ማታ የአየር ቧንቧ አፍንጫዬ ላይ ይደረጋል። ሐኪሞቹ በአውሮፕላን እንዳልሄድ ከልክለውኛል። አባባ ያረፈ ጊዜ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ የጉዞ ፈቃድ ወረቀቱን አንፈርምልህም አሉኝ። ሻንጣው አሁንም አልጋዬ ሥር ነው። ሥራ ካቆምኩ አሥራ አራት ወር አለፈኝ። «ሥራ በዝቶብኝ» ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ደብዳቤዎቼ የሚዘገዩት አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈጅብኝ ነው።

የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። እዚህ እንደመጣሁ የመስታወት ፋብሪካ ጽዳት ውስጥ ነው የገባሁት። ማስክ ሰጥተውኝ ነበር። አራት ዓመት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ባልደረቦቼ ፊት ላደርገው ስል የአባባ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፣ «የወንድ አፍ» የሚለው። ከአባቴ ጋር የተጣላሁበትን ግዴለሽነት አገር ተሻግሬ ራሴ ደገምኩት። ለአንቺ «አይመለከትሽም» ብዬ የቀለድኩት እኔን ስለተመለከተኝ ነው።

ጠባችንን አንቺ አታውቂውም፤ ሱቅ ነበርሽ። ልሄድ የወጣሁበት ቀን፣ ግንቦት 6፣ አባባ እንደ ልማዱ የምድጃውን ዱቄት ጠርጎ በጓሮ በር በኩል ወደ ውጭ ደፋው። ነፋሱ መልሶ ፊታችን ላይ አመጣው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩበት። «ይሄን ነገር ደጅ ላይ አትድፋው! የሚጣልበትን ቦታ እኔ አጣራለሁ፤ እስክመለስ አስረህ አስቀምጠው!» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። በስልክ ስናወራም አንድም ቀን አልተነሳም። ሰምቶኝ ይሁን ንቆኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚጣልበትንም አጣርቼ አልነገርኩትም። እኔን የሚያንቀኝ ቧንቧው አይደለም እታለም፣ ይሄ ነው።

አንቺ ገና ጊዜ አለሽ። እሱ አልዳነም፣ እኔም እንጃ። አንቺ ከተረፍሽ የለፋሁት በቂ ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 2

ለወንድሜ፣ ለሽማግሌው፣ ለእማማ ልጅ፤

ፈጣሪ እስትንፋስህን ያርዝምልኝ። ሌላ ምርቃት ዛሬ አላውቅም።

ደብዳቤህን ወርክሾፑ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ቆራጯ ማስኳን አውልቃ መጣችና አቀፈችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ተናድጄብሃለሁ፤ ሁለት ዓመት ብቻህን ሃያ ሁለት ደረጃ! ንዴቱን ስመጣ አደርስልሃለሁ። አዎ፣ ስመጣ። አንተ መብረር ካልቻልክ እኔ እችላለሁ። ምድጃውን ለሁለት ወር አጠፋለሁ፤ ሐኪሟም ከዱቄት ራቂ ብላኝ የለ።

አሁን ስለ ጆንያዎቹ ልንገርህ፤ ይሄን ቁጭ ብለህ አንብበው።

መኪናው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ከቆራጯ ጋር ጓዳ ገባን። እንዳልከው ማስካችንን አደረግን፣ ውሃ ረጨን፣ አንገታቸውንም ሽቦውንም። ዱቄቱ እየራሰ ሲወርድ ያቺ በየሽቦው ላይ የተንጠለጠለችው ነገር ብልጭ አለች። መስታወት ናት። አባባ ከቁራጭ መስታወት ሠርቷት፣ በጥቁር ቀለም ጽፎባት፣ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ አቅልጧታል፤ እንዳይለቅ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳት።

«ግንቦት 7። ልጁ ሲመጣ ይጠየቅ።»

ግንቦት 7 ወንድሜ። አንተ በሩን ወርውረህ በሄድክ ማግሥት።

ሁለተኛውን ጠረግኩ፤ ቀኑ ሌላ፣ ቃሉ ያው። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። የቀሩትን ቆራጯ ጠረገችልኝ። አሥራ ስምንቱም ላይ አለ፤ የተቀደደውንም ሳይጽፍበት አይቀርም፣ ያቺን ግን ከዱቄቱ ጋር ቧንቧ ውስጥ ለቅቄያታለሁ፤ ሐውልት ያለው ሰውዬ ልክ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ደጅ አልደፋውም። የት እንደሚጣል አያውቅም፤ ማንንም አልጠየቀም፤ የሚጠየቀው አንተ ነህና። እኔ ቆጣቢ ነው ብዬ ፎርም ላይ ስሳለቅበት!

መኪናው ጥር 28 መጣ። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፤ በሁለት ፕላስቲክ የታሸገውን፣ የተጻፈበትን አይተው «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «ወንድሜ» አልኩ። አንድም ሳይቀደድ አሥራ ስምንቱም ወጣ። ፎርሙን አስመልሼ «ቆጣቢ ስለነበረ» የሚለውን ሰረዝኩና «ልጁ እስኪነግረው» ብዬ ጻፍኩበት። ጓዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ቁልፉን ለአከራያችን ሰጠኋት። የሆነውን ነገርኳት፤ ቁልፉን ይዛ አባባ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ብዙ ቆየች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የመጨረሻዋ መለያ አባባ ሊያርፍ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የተጻፈች ናት። ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቷም በደንብ አልቀለጠችም፤ ምድጃው እስኪግል መቆም አቅቶት ይሆናል። የቀሩት ሁሉ «ልጁ ሲመጣ» ነው የሚሉት። እዚች ላይ «ልጁ» አላለም። «ልጄ ሲመጣ ይጠየቅ» ነው ያለው።

እዚህ ፖስታ ውስጥ ናት። በእርጥብ ጨርቅ ሁለቴ ጠርጌያታለሁ፤ ሳትፈራ ያዛት።

እህትህ